የእማሆይ ጽጌ ማርያም ቤቶች

ታኅሣሥ 2 ቀን 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ በከንቲባ ገብሩ ደስታ ቤት አንዲት ልጅ ተወለደች። የውብዳር አሏት፤ ኋላ መነኩሴና የሙዚቃ ደራሲ የምትሆነው ናት። አባቷ ያኔ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ተጠግቷል። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ልጅ ሳሉ ከሚሲዮናውያን እጅ ገብተው፣ ባሕር ተሻግረው፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል አጠገብ ቅድስት ክሪሾና በሚባል ትምህርት ቤት ተምረው የተመለሱ ሰው ናቸው። አፄ ምኒልክን አገልግለዋል። በ1911 ዓ.ም. ደግሞ ከደጃዝማች ናደውና ከኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጋር የመንግሥት መልእክተኛ ሆነው አሜሪካ ድረስ ሄደዋል። ለዚያ ዘመን ኢትዮጵያዊ ዓለምን በሰፊው ያየ የሚባለው እንዲህ ያለው ሰው ነበር።

የዚያን ጊዜ የአዲስ አበባ የትልቅ ሰው ቤት መልኩ ይታወቃል። ከታች ድንጋይ፣ ከላይ እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ፊት ለፊቱ ሰፊ የእንጨት በረንዳ፣ በረንዳው ላይ የሕንድና የአርመን አናጢዎች የሠሩት ጌጥ። ከእነዚህ ቤቶች ጥቂቶቹ ዕድል ቀንቷቸው ቆመዋል፤ የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኗል። የብዙዎቹ ዕጣ ግን ሌላ ነው። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወረስ ለቀበሌ ገቡ፤ አንዱ እልፍኝ ለአራት አባወራ ተከፋፈለ፤ ጣሪያው ሲያፈስ ጠጋኝ አጣ።

ሌላ አገር የሙዚቃ ደራሲ የተወለደበትን ቤት ጠብቆ ማቆየት የቆየ ልማድ ነው። ጀርመን አገር ቦን ከተማ ውስጥ ቤቶቨን እ.ኤ.አ. በ1770 የተወለደበት ቤት ሊፈርስ ሲል፣ 12 የከተማው ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1889 ማኅበር አቋቁመው ገዙት፤ በ1893ም ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። ልማዱ ግን ስሕተትም ያውቃል። አይዘናኽ በምትባለው ሌላ የጀርመን ከተማ የባኽ የልደት ቤት ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1907 በክብር የተከፈተ ሙዚየም አለ፤ ቆይቶ ሲጣራ ሰውዬው የተወለደው እዚያ አልነበረም። እኛም ዘንድ ቢሆን ሐረር ላይ በፈረንሳዊው ባለቅኔ በራምቦ ስም የሚጠራው ያማረ ቤት የተሠራው ራምቦ ሐረርን ለቆ ከሄደ በኋላ ነው። ጎብኚው ግን ዛሬም ፎቅ ወጥቶ፣ በባለቀለሙ መስታወት አሻግሮ እያየ ባለቅኔውን ያስባል።

ስለዚህ የውብዳርን፣ ኋላ የእማሆይ ጽጌ ማርያምን ታሪክ በቤቶቻቸው በኩል ስንከተል አንድ ነገር ብንጠይቅ አይከፋም። ልጅቷ የተወለደችው አዲስ አበባ ነው፤ የሙዚቃ ደራሲዋስ የተወለደችው በየትኛው ቤት ነው?

የውብዳር ስድስት ዓመት ሲሆናት ከታላቅ እኅቷ ከስንዱ ጋር ወደ ስዊዘርላንድ ተላከች። አባት ልጆቻቸውን ወደ ተማሩበት አገር መላካቸው አያስገርምም፤ ሴት ልጆችን መላካቸው ነው የሚያስገርመው። በዚያን ጊዜ መንገዱ በባቡር ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በመርከብ ነው። ባሕር ከዚያ ወዲያ ከልጅቷ ልብ አልወጣም፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ከደረሰቻቸው የፒያኖ ሥራዎች አንዱ የባሕር መዝሙር ነው። ስዊዘርላንድ በገባችበት አዳሪ ትምህርት ቤት ቫዮሊን ተማረች፤ ፒያኖም እዚያው ለመደች። የእኅቷ መንገድ ሌላ ሆነ። ስንዱ ገብሩ ደራሲና መምህር ሆና በ1950 ዓ.ም. ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የተመረጠች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት እኅትማማቾች አንዷ በሕዝብ ሸንጎ፣ ሌላዋ በገዳም ስማቸው ተጻፈ።

እ.ኤ.አ. በ1933 የውብዳር ወደ አገሯ ተመልሳ እቴጌ መነን ትምህርት ቤት ገባች። አዲስ አበባ ያኔ ገና በመሠራት ላይ ያለች ከተማ ናት። ልጅቷ በፈረስ ጋሪ ከተማውን ትጋልብበት፣ በንጉሡም ፊት ትዘፍን ነበር። የደላት፣ ደፋርና ዘመናይ ወጣት መሆኗን ከዚህ በላይ የሚናገር የለም። ይህ ግን ሦስት ዓመት እንኳ በቅጡ አልቆየም።

በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ የተማረውና የመኳንንት ወገን የሆነው እየታደነ ተያዘ፤ የተገደለው ተገድሎ የቀረው ወደ ጣሊያን ተጋዘ። የከንቲባ ገብሩ ቤተ ሰብም በዚያ መዓት ውስጥ ነበረ። ከመካከላቸው ሦስቱ ተገደሉ። የቀሩት በሰርዲኒያ አጠገብ ወዳለችው አሲናራ ደሴት ተወሰዱ፤ ከዚያም በኔፕልስ አቅራቢያ ወዳለው ወደ መርኮሊያኖ። የውብዳር ያኔ የአሥራ ሦስትና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት። በስድስት ዓመቷ ለትምህርት የተሻገረችውን ባሕር አሁን በእስረኝነት ተሻገረችው።

ከነጻነት በኋላ ቤተ ሰቡ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ እሷም ሙዚቃውን ካቆመችበት ልትቀጥል ካይሮ ሄደች። መምህሯ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች የሚባል የፖላንድ ተወላጅ ቫዮሊን ተጫዋች ነው። በቀን ዘጠኝ ሰዓት ትለማመድ ነበር፤ ጊዜው በቫዮሊኑና በፒያኖው መካከል ይከፈላል። ሙዚቃ የተማረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ጣት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የራሱ አይደለም። የካይሮ ሙቀት ግን ጤናዋን ጎዳው፤ ወደ ደጋው መመለስ ግድ ሆነባት። መምህሩም አብሮ መጣና የክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ኃላፊ ሆነ። የውብዳርም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያም በክብር ዘበኛ በጽሕፈት ሥራ ተቀጠረች። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ከያዙት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ መሆኗ ነው።

ቀጥሎ የሆነው ነገር የሕይወቷ መታጠፊያ ነው። ለንደን በሚገኘው የንጉሣዊ ሙዚቃ አካዳሚ የመማር ዕድል አገኘች፤ የመሄጃ ፈቃድ ግን ተከለከለች። ለምን ብለው ሲጠይቋት እስከ እርጅናዋ ድረስ አልመለሰችም፤ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ከማለት በቀር። ያኔ ግን እንዲህ በቀላሉ አልተቀበለችውም። እህል አልቀምስ አለች። ቀናት አለፉ፤ ሐኪም ቤት ገባች፤ ሊያበቃላት ተቃርቧል ሲባል ቄስ ተጠርቶ ቆረበች። ከዚያ ረጅም እንቅልፍ ተኛች። ስትነቃ ሙዚቃን የመፈለጉ ነገር ከልቧ ወጥቶ ነበር። ዕድሜዋ 19 ነው። ቀደም ሲል ከእናቷ ጋር ለንግሥ ሄዳ ወደምታውቀው ወደ ግሸን ማርያም ለቤተ ሰብ ሳትናገር ጠፍታ ሄደች።

ከአዲስ አበባ ወደ ግሸን የሚወስደውን መንገድ የከሚሴና የጨፋ ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ በደጁ ያልፋልና። ጣርማበርን ወርዶ ሸዋ ሮቢትን፣ አጣዬን፣ ካራቆሬን ያለፈ መንገደኛ ጨፋ ሮቢት ሲደርስ ሰፊው ሜዳ ይከፈትለታል። ቦርከና የሚያጠጣው፣ በበጋ እንኳ አረንጓዴው የማይጠፋ፣ ከቆላ የሚመጡ ከብት አርቢዎች መንጋቸውን ይዘው የሚሰፍሩበት ሜዳ ነው። ከዚያ ከሚሴ፣ ሐርቡ፣ ኮምቦልቻ፤ ሐረጎን ሽቅብ ወጥቶ ደሴ። ከደሴ ሐይቅን አልፎ ውጫሌ፣ ከውጫሌ ወደ አምባሰል። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ለሚከበረው የግሸን በዓል አውቶቡሱ ሁሉ ተጓዥ ጭኖ የሚተመው በዚሁ መስመር ነው። ሙስሊሙ የጨፋ ገበሬ የግሸንን ተጓዥ ማለፍ አይቶ ነው መስከረም መጋመሱን የሚያውቀው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መንገዱ ራሱ የዚህ ታሪክ ክፍል ነው። ለወታደሩ ሲል ጠርጎ ያደላደለው፣ የጣርማበርን ዋሻም የፈለፈለው ያው የውብዳርን አሲናራ ያጋዘው ወራሪ ነው። የውጫሌ ስምም እንዲሁ የሚያልፉት ስም አይደለም፤ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ያመጣው ጠብ ነው ዓድዋ ላይ ያደረሰን። በወሎ መንገድ ሲሄዱ ከታሪክ ሳይጋጩ ሃያ ኪሎ ሜትር መንዳት አስቸጋሪ ነው።

ግሸን ደብረ ከርቤ ዙሪያውን ገደል የከበበው፣ መልኩ በመስቀል ቅርፅ የተዘረጋ አምባ ነው። እስከ 16ኛው መቶ ዘመን ድረስ ነገሥታት ለዙፋን ይቀናቀኑናል ያሏቸውን ልዑላን የሚያስቀምጡበት እስር ቤት ነበር። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ደግሞ በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የመጣው የጌታ መስቀል ግማድ ያረፈበት ነው። ልዑላን ተገደው የወጡትን አምባ የውብዳር ፈቅዳ ወጣችው። በ21 ዓመቷ መነኮሰች፤ ጽጌ ማርያም ተባለች።

እማሆይ በግሸን አሥር ዓመት ያህል ኖሩ። ቤታቸው የጭቃ ጎጆ ነው፤ አልጋቸው መደብ። ጫማቸውን አውልቀው ጣሉ፤ አሥሩንም ዓመት በባዶ እግራቸው ሄዱ። ፒያኖ የለም፤ ቫዮሊን የለም። በጋሪ ከተማ የሚያቋርጡት፣ በካይሮ በቀን ዘጠኝ ሰዓት የሚለማመዱት ሰው ጣታቸውን ለመቁጠሪያ ብቻ ሰጡት።

ስለ እሳቸው የሚጽፉ የውጭ አገር ሰዎች ይህንን ጊዜ ሙዚቃ የሌለበት ባዶ ዘመን አድርገው ያልፉታል። እኔ እንዲህ አላየውም። አምባሰል ላይ የተቀመጠ ሰው ከሙዚቃ ርቄያለሁ ቢል ማን ያምነዋል? ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶቻችን፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ ሁለቱ ስማቸው የዚሁ አካባቢ ስም ነው። አንደኛው እማሆይ የመነኑበት አምባሰል፤ ሌላው በሰኞ ገበያዋ የታወቀችው፣ ዛሬ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ያለችው ባቲ። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባው በአንድ ገበያ የሚውልበት አገር ድምፅ ነው ባቲ ቅኝት። ገዳሙስ ቢሆን ኪዳኑ፣ ሰዓታቱ፣ ቅዳሴው ሁሉ ዜማ አይደለም እንዴ። እማሆይ ከፈረንጅ ሙዚቃ ጾሙ እንጂ ከዜማ አልጾሙም። በኋላ የደረሱትን ሥራ የሰማ ሰው ግራ እጃቸው የአውሮፓን ሳሎን ሲያስታውስ፣ ቀኝ እጃቸው በአምስት ድምፅ ቅኝት ውስጥ እንደ ክራር ሲንቀጠቀጥ፣ ድንገትም ምቱን ለቆ እንደ መሪጌታ ሲያስረዝም ያገኘዋል። ሁለተኛው እጅ የተማረው በካይሮ አይደለም።

የገዳሙ ጳጳስ ሲያርፉ እማሆይ ግሸንን ለቀው አዲስ አበባ ወደ እናታቸው ቤት ተመለሱ። በባዶ እግር መሄዱ ጤናቸውን ጎድቶት ነበር። በዚያ ቤት እንደገና ፒያኖ ፊት ተቀመጡ። ከዚህ በፊት የሌላ ሰው ሥራ በመጫወት የተመሰገኑ ነበሩ፤ አሁን የራሳቸውን መድረስ ያዙ። በየትኛው ቤት ተወለዱ ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ ይህ ነው፦ የሙዚቃ ደራሲዋ ልደት የሚቆጠረው ከግሸን በተመለሱበት ቤት፣ ከሠላሳ ዓመት ዕድሜ በኋላ ነው።

ቀጥሎ ጎንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሊማሩ ወደዚያ ሄዱ። ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ የሚማረው ከጥንት ጀምሮ ወንዱ ነው፤ በማኅሌት መቋሚያና ጸናጽል የሚይዘውም እሱ ነው። አንዲት መነኩሴ ያንን ልማር ብላ መምጣቷ ራሱ ነገር ነው። እማሆይን ግን ከዜማው እኩል የያዛቸው በቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ላይ ያዩት ነበር። የቆሎ ተማሪዎች ናቸው። ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንጠልጥለው፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያሉ ከደጅ ደጅ ይለምናሉ፤ ሲመሽ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ውጭ ያድራሉ። ሁላችንም ያየነው፣ ከማየት ብዛት የለመድነው ነገር ነው። እማሆይ አልለመዱትም። የሚሰጡት ገንዘብ እንደሌላቸው፣ ያላቸው ሙዚቃ ብቻ እንደሆነ አሰቡ።

የመጀመሪያው ሸክላቸው በንጉሡ ድጋፍ በጀርመን አገር የታተመው በዚህ ምክንያት ነው። ገቢው ለድሆች ልጆችና ለወላጅ አልባዎች መርጃ እንዲሆን ነበር። ሌሎችም ሸክላዎች ተከተሉ፤ ዓላማቸው ያው ነው። ከሥራዎቻቸው ሁሉ በዓለም ይበልጥ የታወቀው ቤት የሌለውን መንገደኛ የሚያስታውሰው የፒያኖ ሥራ መሆኑ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ርእሱ የሐዘን ይምሰል እንጂ ዜማው አያለቅስም፤ እየተንቀሳቀሰ፣ መንገድ እየቀየሰ፣ አልፎ አልፎም ፈገግ እያለ ነው የሚሄደው።

በእነዚያው ዓመታት ከእናታቸው ጋር ኢየሩሳሌም ሄደው ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በአስተርጓሚነት አገለገሉ። እ.ኤ.አ. በ1972 ተመለሱ። ጊዜው ለመመለስ ደግ አልነበረም፤ ወሎ በረሃብ ሊመታ፣ ንጉሡም በ1966 ዓ.ም. ረብሻ ሊወርዱ የቀረው ትንሽ ነው።

አብዮቱ እንደ ከንቲባ ገብሩ ያለ ቤተ ሰብን የሚያይበት ዓይን ይታወቃል። ለንጉሥ የዘፈነች፣ በንጉሥ ድጋፍ ሸክላ ያስቀረጸች መነኩሴ ምን ቦታ ይኖራታል? ሸክላ ማሳተም ቀረ። ቀይ ሽብር መጣ፤ የሰው ልጅ በየመንገዱ ወድቆ አደረ። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ረሃቡ ከበፊቱ ከፍቶ ወሎን መታ። ከትግራይና ከወሎ ተነሥቶ ምግብ ፍለጋ የተሰደደው ሕዝብ የሄደው ቀደም ሲል የግሸን ተጓዥ የሚዘምርበትን ያንኑ መንገድ ይዞ ነው።

እማሆይ በዚህ ሁሉ መካከል አዲስ አበባ በቤተ ሰባቸው ቤት ናቸው። ያደረጉት ነገር ቀላል ነበር። የካሴት ቴፕ ፒያኖው አጠገብ አስቀምጠው፣ የመቅጃውን ቁልፍ ተጭነው ተጫወቱ፤ አንጎራጎሩም። እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1985 ድረስ በአማርኛ የደረሷቸውን መዝሙሮች እንዲህ ብቻቸውን ቀዱ። ስለ አገር፣ ስለ መለየት፣ ስለ ሰማዩ ደመና፣ ስለ ራቁ ሰዎች ነው የሚያዜሙት። ድምፃቸው የሠለጠነ የመድረክ ድምፅ አይደለም። ዝቅ ያለ ነው፤ አንዳንዴ ከፒያኖው ኋላ ይቀራል፣ አንዳንዴ ይቀድማል። ስቱዲዮ ውስጥ ያለ መሐንዲስ ቢሆን አቁሞ እንደገና እናድርገው ይል ነበር። መሐንዲስ ስላልነበረ ግን ስቱዲዮ የሚያስወግደው ሁሉ አብሮ ተቀዳ። ከመስኮቱ ውጭ የሚንጫጩት የአዲስ አበባ ወፎች፣ የፒያኖው እንጨት ሲንቃቃ፣ የክፍሉ ጥልቀት፣ ድምፅ ግድግዳ ነክቶ ሲመለስ ይሰማል። በቦን ያሉት ሰዎች የቤቶቨንን ቤት ግድግዳ አዳኑ፤ ቤቶቨን ሲጫወት ያ ግድግዳ እንዴት ይሰማ እንደነበር ግን ማንም አያውቅም። የእማሆይ ቤት የቀረልን በተቃራኒው መንገድ ነው።

ከእናታቸው ሞት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ አገር ለቀው ኢየሩሳሌም ገቡ። አፄ ዮሐንስ አስጀምረውት በአፄ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመው ክቡ የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን፣ ኢትዮጵያ ጎዳና በሚባለው መንገድ ላይ ነው ያለው። በዚያ ግቢ አንዲት ትንሽ ክፍል ተሰጠቻቸው። አልጋ፣ የቆመ ፒያኖ፣ በገዛ እጃቸው የሳሏቸው ቅዱሳት ሥዕሎች፣ የንጉሡ ፎቶግራፍ። ከቤቶቻቸው ሁሉ በዚህኛው ረጅሙን ዘመን ኖሩ፤ ወደ አርባ ዓመት።

ዓለም የደረሰባቸው እዚያ እያሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚያዘጋጀው ኢትዮፒክስ የተሰኘው ተከታታይ 21ኛ ቅጹን ለእማሆይ ፒያኖ ሰጠ። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የአዲስ አበባ የሌሊት ክበብ ሙዚቃ በታወቀ ተከታታይ ውስጥ አንዲት መነኩሴ ብቻዋን መግባቷ ሰሚውን ግራ አጋባ። ጃዝ ነው አሉ፤ ብሉዝ ነው አሉ። እሳቸው አልተቀበሉም፤ የተማሩት ያሬድንና የአውሮፓን ክላሲክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ዋሽንግተን አካባቢ ኮንሰርት አቀረቡ፤ ዘመዶቻቸውም በስማቸው ልጆች ሙዚቃ እንዲማሩ የሚረዳ ፋውንዴሽን አቋቋሙ።

ማያ ዱኔትስ የምትባል የእስራኤል ሙዚቀኛ ወደ ክፍላቸው መመላለስ ስትጀምር እማሆይ አንድ ቀን አሮጌ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ፌስታሎች አወጡላት። ውስጣቸው በእርሳስ የተጻፉ የኖታ ወረቀቶች ሞልተዋል፤ የተዘበራረቁ፣ የደበዘዙ፣ የአሥርት ዓመታት ሥራ። ከብዙ ድካም በኋላ የተመረጡት እ.ኤ.አ. በ2013 በመጽሐፍ ታተሙ፤ በዚያው ዓመት ኢየሩሳሌም ውስጥ ሥራዎቻቸው የቀረቡበት ኮንሰርት ተደረገ። ይህ ከሸክላው የበለጠ ነገር ነው። ሸክላ አንድ ሰው እንዴት እንደተጫወተ ያቆያል፤ ኖታ ግን ሌላው እንዲጫወተው ያደርጋል። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ፒያኒስቶች ሥራዎቹን በኮንሰርት ዝግጅታቸው ውስጥ ያስገቧቸዋል። የእኛ አገር ተማሪ መጽሐፉን በቀላሉ የሚያገኝበት ቀን ቢመጣ ደግ ነበር።

እማሆይ ጽጌ ማርያም መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ ዐረፉ። መቶ ሊሞላቸው የቀረው ዘጠኝ ወር አይሞላም።

በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ፣ አዲስ አበባ ቤት ውስጥ በካሴት የተቀዱት መዝሙሮች ሚሲሲፒ ሪከርድስ በተባለው የአሜሪካ አሳታሚ በሸክላ ወጡ። በዚያው ሰሞን ነው ፒያሳ ላይ ብዙ አሮጌ ቤቶች የፈረሱት። በረንዳው፣ የተፈለፈለው እንጨት፣ ቆርቆሮው በጭነት መኪና ሲሄድ ያየ ሰው ያኔ የተሰማውን አይረሳም። ካሴቱ ሸክላ የሆነበት ጊዜ ከዚህ ጋር መግጠሙ ማንም አስቦ ያደረገው አይደለም።

እማሆይን ገና ለሚጀምር ሰው ግን ከዚህ ካሴት እንዲነሣ አልመክረውም። በመጀመሪያ የፒያኖ ሥራዎቹን፣ በተለይ የባሕሩን መዝሙርና ቤት ስለሌለው መንገደኛ ያለውን ሁለት ሦስት ጊዜ ይስማ፤ ቀኝ እጃቸውን ይልመድ። ከዚያ ወደ ካሴቱ ቢሄድ ድምፃቸው ያን እጅ ሲከተለውና ሲተወው ይለያል፤ ወፎቹንም ያኔ ነው እንደ እንከን ሳይሆን እንደ አጃቢ የሚሰማቸው።